የደብረ ብርሃኑ ክሊኒክ፦ አልጋው ይበርዳል፣ ሐኪሟ ግን ትጠይቃለች

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በብርድ ነው። እደርስበታለሁ።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ከዚህ በፊት የተንከራተትኩባቸውን ሐኪም ቤቶች በስም አላነሳም ብያለሁ፣ እነሱን ሸፋፍኜ ይሄን ብቻ ብጠራ ደግሞ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ያለው ደብረ ብርሃን ነው። አንዲት የማህፀን ሐኪም አለችው፣ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ከእምብርቷ በታች ወር ከወር የሚያማት ሴት፣ የትም ትሂድ የት፣ ምን ሊጠይቋት እንደሚገባ ካወቀች ይበቃኛል።

እኔ ደብረ ሲና ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀሬ ላይ ነው የምውለው። ዕድሜዬ 36፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሁለተኛውን በ2009 ዓ.ም. በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ ህመሙ ከዚያ ወዲህ ነው የጀመረኝ እል ነበር። ውሸቴን ነው። ተማሪ እያለሁም የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እቀር ነበር። እናቴ አብሽ በማር በጥብጣ ትሰጠኝና «የኔም እንዲሁ ነበር፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። ወለድኩ። አልተወኝም። ደገምኩ። ባሰበት።

ከዚያ ሰባት ዓመት ዞርኩ። የመጀመሪያው ጋ ሽንት ሰጠሁ፣ «ኢንፌክሽን አለሽ» ተባልኩ፣ መድኃኒት ወሰድኩ። ወር ሳይሞላ ተመለስኩ። ሌላው ጋ ደም ሰጠሁ፣ «ታይፎይድ ነው» ተባልኩ፣ መድኃኒት። ሦስተኛው ጋ «የማህፀን ኢንፌክሽን» ሆነ፣ አንድ መርፌና የ14 ቀን ክኒን፣ ባለቤቴም አብሮኝ ዋጠ። ያኛው እንኳ ምክንያት ነበረው፣ የማህፀን ኢንፌክሽን እውነተኛ በሽታ ነው፣ ካልታከመ ለዓመታት የሚቆይ ህመምና መካንነት ሊያመጣ ይችላል። ግን ያው መድኃኒት በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ሲታዘዝልኝ፣ አንዱም «ቆይ፣ ይሄ ነገር ኢንፌክሽን ባይሆንስ?» አላለም።

አልትራሳውንድ አራት ጊዜ ታይቻለሁ። አራቱም ኖርማል። የመጀመሪያው ቀን «ንጹህ ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ሲሉኝ ተመስገን ብዬ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ግን የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምንም ከሌለብኝ ምኑ ነው የሚያመኝ? አንዱ ሐኪም «ማህፀኑን እናውጣውና እንገላገል» አለኝ። 33 ዓመቴ ነበር። አንዱ «ጭንቀት ነው» አለ። እሺ፣ እጨነቃለሁ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እያመመው የማይጨነቅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ጻድቃኔ ማርያምም ሄጃለሁ። ጠበሉን ጠጥቻለሁ፣ ተጠምቄያለሁ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ስለዚህ ክሊኒክ የነገረችኝ ደግሞ እዚያ ጎኔ ያደረች የመንዝ ሴት ናት፣ ስለዚህ መንገዱን ማን እንዳሳየኝ እኔ አውቃለሁ።

ቀጠሮዬ ታህሳስ ላይ ነበር። ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን እንደኔ ከእምብርት በታች ለሚያመው ሰው (ሐኪሞች የዳሌ ህመም ይሉታል) ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፣ ጉድጓድ ነው የሚቆጠረው። የጣርማ በርን ዳገት ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ወጣሁት። መኪናው በነጠረ ቁጥር በሁለት እጄ ወንበሩን ተጭኜ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ዋሻው አካባቢ ጉም ነበር፣ ሾፌሩ ቀስ አለ፣ በልቤ ጉሙን አመሰገንኩት።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። ካርድ የምታወጣው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን «የማህፀን ታካሚ ማን ናት?» ብላ በአዳራሹ ሙሉ ትጮሃለች። ቁጥር ስጡን። ስማችንንም ባትጠሩት ደስ ይለናል፣ እንኳን ማህፀናችንን።

ከዚያ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። አንደኛው ላይ የሰው ስዕል አለ፣ ከፊትና ከጀርባ፣ የሚያምሽን ቦታ በእስክሪብቶ አጥቁሪ ይላል። ይሄን ስሠራ ነው ነገሩ የገባኝ። ሦስት ቦታ አጠቆርኩ፣ ሦስቱም የተለያዩ ህመሞች ነበሩ! አንዱ ከወር አበባ ጋር የሚመጣው ነው፣ ወገቤን ይዞ እስከ ጭኔ የሚወርደው። ሁለተኛው የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው፣ በአንድ ጣት የማሳየው፣ ስስል የሚወጋኝ። ሦስተኛውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስቀመጥ ከታች፣ በመቀመጫዬና በብልቴ መሃል፣ እንደተጨበጠ ቡጢ ሆኖ የሚከብደኝ ነገር። ሁሉንም አንድ ላይ «ሆዴን ያመኛል» እያልኩ ነበር ለሰባት ዓመት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አንቱ ስላት ሳቀች፣ «አንቺ በይኝ» አለች፣ እኔም እዚህ አንቺ እያልኩ እጽፋለሁ። ባለቤቴን «የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሁሉንም ታካሚ ለብቻ ነው የማየው፣ ደንቤ ነው» ብላ በትህትና አስወጣችው። ከዚያ ጠየቀችኝ። ሰዓቴን አይቻለሁ፣ 50 ደቂቃ ሙሉ፣ ገና ሳትነካኝ።

ጥያቄዎቿን የምጽፈው ሌላ ቦታ ካልጠየቋችሁ ራሳችሁ እንድትናገሩ ነው። ህመሙ ከወር አበባ በፊት ነው የሚጀምረው ወይስ አብሮ? ሽንትሽ ሲሞላ ያምሽና ስትሸኚ ይቀልሻል? በወር አበባሽ ቀን ሰገራ ስትቀመጪ ያምሻል? ሰገራ ከወጣሽ በኋላ የሆድሽ ቁርጠት ይለቅሻል? ከባለቤትሽ ጋር ስትሆኚ የሚያምሽ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ? (ይሄን ስትጠይቅ ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም፣ የጉንፋን ጥያቄ ነው የሚመስለው። በዚህ ወደድኳት።) ተገርዘሻል? ማህፀንሽ ተጠርጎ ያውቃል? አስገድዶሽ ወይ መትቶሽ የሚያውቅ ሰው አለ? ሌሊት ትተኛለሽ? በመጨረሻ ደግሞ «ምን ይሆንብኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» አለችኝ። ካንሰር አልኳት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፣ ለራሴም ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም።

ጥያቄዎቹ ዝም ብለው አይደሉም። ከእምብርት በታች ማህፀን ብቻ አይደለም ያለው፣ የሽንት ፊኛ አለ፣ አንጀት አለ፣ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ህመም ሲሆን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም ብላኛለች። አንዱን ብቻ ይዘው የሚያክሙ ሰዎች ለዚህ ነው የሚስቱት።

ምርመራው ላይ እንምጣ፣ ብርዱም ላይ። «አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ» አለችኝ በቅድሚያ። ከማያመኝ ቦታ ጀመረች። በጀርባዬ አስተኛችኝና «በአንድ ጣት አሳዪኝ» አለች። ጠባሳው ጫፍ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ። የኔን ጣት አንስታ የራሷን ተካች፣ ተጫነችና «አሁን ጭንቅላትሽን ከትራሱ ቀና አድርጊ» አለችኝ። ቀና ሳደርግ ህመሙ በእጥፍ ጨመረ። ጮህኩ። የሷ ፊት ግን በራ። ቀና ስንል የሆድ ጡንቻ ይወጠራል፣ ውስጥ ያለውን ይከልላል። ህመሙ ከውስጥ ቢሆን ይቀንስ ነበር። ከጨመረ ግን ሕመምተኛው የሆድ ግድግዳው ነው፣ ጡንቻው ወይም ጠባሳው የያዘው ነርቭ። የካርኔት ምርመራ ይባላል አለችኝ። አራት አልትራሳውንድ ያላየውን አንድ ጣትና አንድ ትራስ አገኘው።

ቀጥሎ የማህፀን ምርመራ። ብረቱን ይዛ አልመጣችም፣ በአንድ ጣት ብቻ፣ በጎን በኩል ያለውን ጡንቻ ቀስ ብላ ጫን አደረገች። «ያ ቡጢ ያልሽው ይሄ ነው?» እሱ ነው! እሱ ራሱ! የዳሌ ወለል ጡንቻ ይባላል፣ ማህፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከታች ሆኖ እንደ ስልቻ የተሸከመው። ለዓመታት ህመም ሲፈራ ተኮማትሮ የቀረ፣ ራሱ ሌላ ህመም የሆነ። በሰባት ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ የነካኝ ሐኪም የለም።

ግን አልጋው! ወገኖቼ፣ የደብረ ብርሃን ታህሳስ ነው። ላስቲኩ በረዶ ነው። ከወገብ በታች ራቁቴን ነኝ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ እሷ «ጡንቻሽን አላሊው» ትለኛለች። እንዴት አድርጌ ነው የማላላው? የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ታካሚ በስስ አንሶላ ይሸፈናል? አንድ ማሞቂያ ግዙ። እሱ ከከበደ አንድ የመንዝ በርኖስ። ኮከቧ የሄደችው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉን የሚከፍለው ኮምፖርሳቶም ስስ ነው፣ ጩኸቴን ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳይሰሙት አልቀረም።

ለብሼ ስቀመጥ ባለቤቴን አስጠራችው፣ ለሁለታችንም ነገረችን። ከልጅነቴ የመጣው የወር አበባ ህመም ኢንዶሜትሪዮሲስ ሳይሆን አይቀርም። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፣ ያቆስላል፣ ያጣብቃል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሯ አንዷ ገደማ አለባት። አልትራሳውንድ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ኖርማል መባሌ የለብኝም ማለት አልነበረም። ድሮ በካሜራ ሆድ ውስጥ ገብተው ካላዩት በሽታው አለ አይሉም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ግን ምልክቱ ካለ ኦፕራሲዮን ሳይጠበቅ መድኃኒት መጀመር ይቻላል ይላል። «በመድኃኒት ካልቀለለሽ ወይም ሌላ ልጅ ፈልገሽ እምቢ ካለ ያኔ ለካሜራው አዲስ አበባ እልክሻለሁ» አለች። ማህፀን ስለማውጣት ስጠይቃት ለጠባሳውና ለጡንቻው ምንም እንደማይፈይድ ነገረችኝ።

ሰባት ዓመት የቆየ ህመም ለምን በትንሽ ነገር እንደሚቀሰቀስ ስትነግረኝ ሥራዬን አስታወሰች። «ሲንጀርሽ ላይ የክሩ መወጠሪያ ሲጠብቅ ምን ይሆናል?» ጨርቁ ይሸበሸባል። «ጨርቁ ደህና ቢሆንም?» አዎ፣ ደህና ቢሆንም። «ነርቭሽም ጠብቋል። መወጠሪያውን ቀስ ብለን ነው የምናላላው።» ባለቤቴ እስከ ዛሬ ስነጫነጭ ባየኝ ቁጥር «መወጠሪያው ነው» ይለኛል።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ለወር አበባው የሦስት ወር መርፌ፣ ያው ጤና ኬላ ለቤተሰብ ምጣኔ የሚሰጡት። የወር አበባን ስለሚያደርቅ ኢንዶሜትሪዮሲሱን ያበርደዋል። ጣጣውን አልደበቀችኝም፦ መጀመሪያ ላይ ደም ጠብ ጠብ ይላል፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል፣ ካቆምሽም በኋላ እርግዝና ሊዘገይ ይችላል። ልጅ ቶሎ የምትፈልግ ሴት ሌላ አማራጭ ትጠይቅ። እኔ ሁለት ወር ጠብ ጠብ ብሎብኛል፣ ሰልችቶኝ ነበር፣ ከዚያ ቆመ።

ጠባሳው ላይ ሊዶኬይን ወጋችኝ። ማደንዘዣ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጣቴን አስቀምጬ ተጫንኩት። የለም። እንደገና ተጫንኩት፣ የለም! በሳምንቱ ተመለሰ፣ ግን ደከም ብሎ። ሦስት ጊዜ ተወግቻለሁ፣ አሁን ካልነካሁት አላስታውሰውም።

ሌላ ቦታ ያዘዙልኝን ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ህመም መድኃኒት ቀስ በቀስ አስቆመችኝ። እንግሊዝ አገር 306 ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ ምክንያቱ ላልታወቀ የዳሌ ህመም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ ነገር አላሳየም፣ ማዞሩና እንቅልፉ ግን ነበረ። እኔማ ስንት ቀሚስ ነው ያበላሸሁት በሱ ድንዛዜ! በምትኩ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ። «ሁሉንም አይረዳም፣ ስምንት ሳምንት እንሞክረው፣ ካልሆነ እንተወዋለን» አለች። ፋርማሲ ስሄድ ልጁ ወረቀቱን አየና ሰው ፊት «ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ጥዬው ልወጣ ነበር። ለሐኪሟ ስደውልላት ለድብርት የሚሰጠው ከዚህ በጣም የበዛ እንደሆነ፣ በትንሹ ሲወሰድ ግን ለነርቭ ህመምና ለእንቅልፍ እንደሚጠቅም ነገረችኝ። አፍ ያደርቃል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያደነዝዛል፣ አሁን ከራት ጋር ስለምወስደው ተሻለኝ።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ፊዚዮቴራፒው ነው። ከስልኬ ላይ አይቼ የጡንቻ ማጠንከሪያ እየሠራሁ ነበር፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው መጨበጥ፣ በቀን መቶ ጊዜ። ፊዚዮዋ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያ እንቅስቃሴ የላላ ጡንቻ ላላቸው ነው፣ ሽንት ለሚያመልጣቸው። የኔ ቡጢ ሆኖ የጨበጠ ነው፣ እኔ ደግሞ ይበልጥ አጥብቀህ ጨብጥ እለዋለሁ። እኔ የምሠራው ግልባጩን ነው። በጀርባ መተኛት፣ ጉልበት ማጠፍ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር መሳብ፣ አየሩ ወደ ታች ሲወርድ ታችኛው ጡንቻ እንደ ሊጥ ሲዘረጋ መጠበቅ። ምንም አያደርግም ብዬ ንቄው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማታ ቡጢው ሲከፈት ተሰማኝ፣ ደንግጬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።

ሥራዬንም አየችልኝ። ከእንጨት ወንበሬ ላይ ሳልነሳ አራት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ደንበኛ እንዳይሄድብኝ ሽንቴን እይዛለሁ። አሁን በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ፣ ስልኬ ይጮሃል፣ ደንበኞቼ ይስቃሉ።

ወረፋ ላይ አንድ የኢሱዙ ሾፌር አግኝቻለሁ። አዎ፣ ወንዶችም ይመጣሉ። «ፕሮስቴት ነው» እየተባለ ዓመት ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲውጥ ነበር። የቆየ የወንዶች ዳሌ ህመም አብዛኛው ባክቴሪያ የለበትም አሉት፣ እሱም አየር መሳብና መተንፈስ ላይ ነው።

ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ፣ ፍሪጄ ላይ ለጥፌዋለሁ። ድንገት የመጣ ከባድ ህመም፣ ራስን መሳት፣ ትኩሳት፣ የወር አበባ ቀርቶ ህመምና ደም ሲመጣ (እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል)፣ የወር አበባ ካቆመ ከዓመት በኋላ ደም መታየት። የመጨረሻው ሲሆን ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ፣ ሌሎቹ ሲሆኑ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ዋጋው ይከብዳል። ካርድና የመጀመሪያው ምርመራ 600 ብር፣ ፊዚዮ በየጊዜው 400፣ የጤና መድን ደብተሬ እዚያ አይሠራም፣ ትራንስፖርቱ ሌላ ነው። ለከንቱ አንቲባዮቲክ ያወጣሁትን ስደምር ግን ርካሽ ሆነብኝ። የፊዚዮ ወረፋ እስከ ሦስት ሳምንት ይደርሳል፣ አንድ ሰው ጨምሩ።

አሁን ግንቦት ነው። ድኛለሁ አልልም። የዕቁብ ሒሳብ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ በየማታው ከአሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ እንድመዘግብ ያዘዘችኝ ሐኪሟ ናት። ታህሳስ ላይ ሰባትና ስምንት ነው የሚበዛው። አሁን ሁለትና ሦስት። ለፋሲካ የልብስ ሥራ ሲበዛብኝ፣ ስልኩ ሲጮህ እያጠፋሁት ሦስት ቀን ተቀመጥኩና ወደ ሰባት ተመለሰ፣ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ የጀመረ መስሎኝ አለቀስኩ። ፊዚዮዋን ስደውልላት አልደነገጠችም። የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ ምግብ በልቼ አይቡፕሮፌን ለሁለት ቀን፣ አየር መሳብ። በአምስተኛው ቀን ሦስት ሆነ።

የሚቀጥለው መርፌዬ ሰኔ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀጠሮ ለማረጋገጥ ስደውል ያቺ ጮሃ የምትጠራን ልጅ አነሳችው። ማሞቂያ ገዛችሁ ወይ አልኳት። «ገዝተናል፣ ግን መብራት ሲኖር ነው» አለችኝ። ጋቢዬን ይዤ ነው የምሄደው፣ ሲሠራ ካየሁት ኮከቧን እመልሳለሁ።